ብርዱ ሳይገባ

ለምወድህ ባለቤቴ፣ ለልጄ አባት፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ ቁልቁለት ስትወርድ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ ተሻለህ? ሳሉስ ለቀቀህ? ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ እኔም ስንት ጊዜ እንደዚያ ብዬልሃለሁ። ዛሬ ገልብጬ ልንገርህ፤ ናፍቆትህ በጣም ደህና ነው፣ በልቶ ጠጥቶ ወፍሯል፣ ትንሽ የከሳሁት እኔ ነኝ። አትደንግጥ፣ ስቀልድ ነው። ደህና ነን።

ልጅህም ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትናገር ታፏጫለች፤ ትእዛዟ ግን አልቀነሰም። አንተ ለጨዋታ «አለቃ» ያልካት ስሟ ሆኖ ቀርቷል፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ነው የሚጠራት፣ እሷም ሹመቱን የምሯን ይዛዋለች። ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ እንግዳ ካለ ወየውለት፣ ከበሩ ትመልሰዋለች። መልኳ ወደ አንተ እየሄደ ነው። ስትቆጣ ቅንድቧን አንድ ጎን ብቻ ታነሳለች፤ ያን ጊዜ መሳቅም ማልቀስም ያምረኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ረጅሙ ጓደኛህ ነው። ትናንት መጥቶ ነበር፤ እንደ ልማዱ ግንባሩን ከበራችን ጋር አጋጭቶ ነው የገባው። ስለ ጤንነትህ ነገረኝ፣ የላክኸውን መልእክትም አንድም ሳያስቀር አደረሰ። ሰኞ ከሰዓት እንመለሳለን ስላለኝ ይህን እሁድ ለአንተ ሰጥቼዋለሁ። አለቃ ከጎረቤት ልጆች ጋር ውጭ ትጫወታለች። እኔ ያጠብኩትን አስጥቼ፣ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ ስቤ፣ እስኪደርቅልኝ እጽፍልሃለሁ። ወደ መልእክትህ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። መጀመሪያ የማክሰኞውን ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። ሬዲዮው ውጤቱን ነግሯችሁ ይሆናል፤ ሬዲዮው ግን እኔ ምን እንደሆንኩ አያውቅም።

ባለፈው የላክኸው ደብዳቤ እዚህ ፊቴ ላይ ነው። ደጋግሜ ከመክፈቴ የተነሳ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። የአገልግሎት ዘመንህ የሚያልቀው ብርዱ ከመግባቱ በፊት እንደሆነ ጻፍክልኝ። የወታደሩ ደመወዝ ጭማሪ ምክር ቤት ቀርቧል ይባላል አልክ። ካለፈ ለሌላ ዙር እንደምትፈርም፣ በዚያ ብር ሁለተኛዋን ክፍል እንደምንሠራ፣ ካላለፈ ግን ዕቃህን ሸክፈህ ብርዱ ሳይገባ ቤትህ እንደምትገባ ነገርከኝ። ከታች ደግሞ አንቺ እዚያው ምክር ቤት ስለምትሠሪ ከሁላችንም ቀድመሽ ትሰሚያለሽ ብለህ ቀለድክብኝ።

አንተ ይህን የጻፍከው የምሥራች አድርገህ ነው። እኔ ግን ከገጹ ሁሉ የታየችኝ «ካላለፈ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወታደር ሚስት ሆኜ የወታደር ጭማሪ እንዲወድቅ ስመኝ ከረምኩ። ይህ ለማን ይነገራል? የታችኛው ቤት ጎረቤታችንን ታውቃታለህ፤ ባሏ እዚያው ከአንተ ጋር ነው፣ አራት ልጅ ይዛለች። በር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ምን አሉ፣ አነሱት ወይ፣ እባክሽ አንቺ እንኳን አንድ ቃል ተናገሪልን ትለኛለች። እኔ እዚያ ለአንድም ሰው ቃል እንደማልናገር፣ የሌሎችን አፍ መክፈትና መዝጋት ብቻ እንደሆነ ሥራዬ ብነግራትም አይገባትም። ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ ያልፋል፣ እግዜር ያውቃል እላትና ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ እንዳያልፍ እለምናለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ብር ጠልቼ እንዳይመስልህ። ሁለተኛ ክፍል የሚያስፈልገው ሰው ለበዛበት ቤት ነው፤ እኛ ቤት የጎደለው ሰው ነው። ያችን ክፍል ብትሠራልኝ ምን ላስቀምጥባት ነው? ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። እኔ የድምፅ ሰው ነኝ። የምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ካሉት መካከል ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደመጣ ከድምፁ እለያለሁ። የአንተን ድምፅ ግን እየረሳሁት ነው። ቃላቱ አሉኝ፣ ቀልዶችህ አሉኝ፤ ድምፁ ግን ይጠፋብኛል። ሰሌዳዬ ላይ አንተን ከፍ የማደርግበት ቁልፍ የለም።

ሥራዬን በወሬ እንጂ በዓይንህ አይተኸው አታውቅምና ትንሽ ላስረዳህ፣ ያለዚያ የሆነው አይገባህም። ከአዳራሹ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ባለ መስታወት ጠባብ ክፍል አለች። እኛ እዚያ ነን። እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ወንበሩ ፊት ማይክ አለው፤ እያንዳንዱ ማይክ ደግሞ እኔ ጋ መክፈቻና ከፍ ዝቅ የምታደርገው ተንሸራታች ቁልፍ አለችው። አፈ ጉባኤው ዕድል ሲሰጥ እከፍታለሁ፣ ተናጋሪው ሲጨርስ እዘጋለሁ። የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚያጉተመትመውን ከፍ አደርጋለሁ። ማንም ወደ ላይ ቀና ብሎ አያየንም፤ ድምፅ ሲጠፋ ብቻ ነው መኖራችን ትዝ የሚላቸው።

ጋሽ ሽቦን አጫውቼሃለሁ፣ ያ ቀጭኑ ባልደረባዬ። ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ነው የሚሠራው፤ ፊታቸውን ካየሁ የሚሉትን አልሰማም ይላል። ለአባላቱ ሁሉ ስም ያወጣ እሱ ነው። ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ወደ ምክር ቤት ከመምጣታቸው በፊት የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የታመመች ላም ሲያባብሉ ስለኖሩ ይሆን አላውቅም፣ ድምፃቸው ከከንፈራቸው አይርቅም። ጋሽ ሽቦ «ሹክሹክታ» ይላቸዋል። በእሳቸውና በእኔ መካከል አንድ ልማድ አለ፤ ተነጋግረንበት አናውቅም፣ እንዲሁ የለመድነው ነው። ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ፤ እኔ ቁልፋቸውን እስከ ጫፍ እገፋለሁ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን መልሰው ወደ መስታወቱ ቀና ይላሉ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ያመሰግኑኛል። ከዚያ አዳራሽ እኔን ሰው ብለው ሰላም የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማክሰኞ ሁለት ረቂቆች ተያዙ። አንዱ የእነሱ የራሳቸው ደመወዝ ጭማሪ፣ ሌላው የእናንተ። የእናንተው ከዚህ በፊት ለተጨማሪ ጥናት እየተባለ ሲንከባለል የከረመው ነው። የእነሱ ቀደመ። ለምን ቀደመ ብሎ የጠየቀ የለም።

መጀመሪያ የተናገረው ጋሽ ሽቦ «ነጎድጓድ» የሚለው ባለ ሰፊ ትከሻው ሰውዬ ነው። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፣ ዛሬ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። የእሱን ቁልፍ ወደ ታች ጎትቼ እንኳን ማዳመጫው ጆሮዬን ይመታኛል። የሕዝብ ተወካይ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው አለ፤ ያዘነ ይመጣል፣ የታመመ ይመጣል፣ መሳፈሪያ ያጣ ይመጣል፤ ለሕዝብ ሲል ከቤቱ ከልጆቹ ይለያል፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ተወካይ ደግሞ በቀላሉ ይገዛል አለ። እስከዚህ ክፉ አልተናገረም። ከዚያ ሳይጠየቅ ወደ እናንተ ዞረ። ወታደሩ ምግቡ ከመንግሥት፣ ልብሱ ከመንግሥት፣ ሐኪሙ ከመንግሥት፤ ያለበት ቦታ ሱቅ እንኳን የለ፣ ብሩን ቢያገኝ ድንጋይ ሊገዛበት ነው ወይ አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ በሁለቱም ጆሮዬ ገባ፣ ማዳመጫውን ማውለቅ አልችልም፣ ሥራዬ ነው። ልብሱ ከመንግሥት ሲል ያ ወፍራሙ ሹራብህ ትዝ አለኝ። ከመንግሥት ልብስ ሥር የምትለብሰውን ማን ሠራው? እኔ ነኝ፣ አለቃን ነፍሰ ጡር ሆኜ፣ እጅጌውን አሳጥሬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መጨረሻ የመጣህ ጊዜ ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ ሰቅለኸው፣ ከእንግዲህ ወዲያ ለዚያ ብርድ አልመለስም ብለህ ትተኸው ሄድክ። አለቃ ተደብቃ ስትጫወት ውስጡ ትገባለች። እኔ ስወጣም ስገባም ትከሻውን እነካዋለሁ።

ሐቁን ላውራ ካልኩ ደግሞ ሁሉም እንደ ነጎድጓድ አይደሉም። ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ወጣት አባል አለች፤ አንዳንድ ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ቆመን እንመጣለን፣ እሷ አታውቀኝም። ተነስታ እኔ በኪራይ ቤት ሁለት ልጅ አሳድጋለሁ፣ ደመወዜ ወር ሳይደርስ ለመጣው ሁሉ ተካፍሎ ያልቃል፣ ጭማሪው ያስፈልገኛል፣ አላፍርበትም አለች። አንጀቴን በላችው። ለእሷ አይገባትም የሚል ካለ አብራት አውቶቡስ ይሳፈር። ይገባቸዋል አይገባቸውም በሚለው እኔ ፈራጅ አይደለሁም። የእኔ ነገር ሌላ ነበር። እኔ የምጠብቀው የእናንተን ረቂቅ ነው፣ እንዲወድቅልኝ።

የእነሱ ክርክር አለቀ፣ ድምፁ ግን ለስብሰባው መጨረሻ ተይዞ ነበር፤ የእናንተው ተራ የደረሰው ሰው ሁሉ ምሳ ምሳ ሲል ነው። ጸሐፊው ረቂቁን በሩጫ አነበበው። ወንበር ይንኮሻኮሻል፣ ቦርሳ ይዘጋል፣ እዚህም እዚያም ወሬ ተጀምሯል። አንዱ ብድግ ብሎ ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነ ከዓመቱ ዕረፍት ስንመለስ እንየው አለ፣ ደጋፊም ወዲያው አገኘ። ከዕረፍት የሚመለሱት መቼ ነው? ብርዱ ከገባ በኋላ! ያን ጊዜ አንተ ዕቃህን ሸክፈህ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ፣ ከአለቃ ጋር ስትጨቃጨቅ ታየኝ። ልቤ ሲመታ ጋሽ ሽቦ የሚሰማኝ መሰለኝ። አፈ ጉባኤው ሊዘጋው አፉን ከፈተ።

ሹክሹክታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ዕድል ተሰጣቸው። ማይካቸውን ከፈትኩ፤ መብራቱ ቀይ ሆነ። ቁልፏን ግን አልገፋኋትም። ጣቴ ላይዋ ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። ይኸውልህ፣ የምነግርህ ይህን ነው። አልዘጋሁባቸውም፣ ሕግ አላፈረስኩም፣ ነገ ማንም መጥቶ አጠፋሽ የሚለኝ አይኖርም። ዝም ብዬ ተውኳቸው፣ በገዛ ድምፃቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አዳራሹ የራሱን ወሬ ያወራል። ትንሽ ይቆዩና ደክመው ይቀመጣሉ፣ ረቂቁ ይሻገራል፣ ባሌ ይመጣል። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ስለ ታችኛው ቤት ጎረቤታችን እንኳን አላሰብኩም። ጋሽ ሽቦ ከኋላዬ በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ ማዞር አቆመ።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። ማንም እንዳልሰማቸው ገባቸውና ንግግራቸውን ቆም አደረጉ። ወደ መስታወቱ ቀና አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በጣቱ ማይኩን ይደበድባል፣ እጁን ወደ እኛ እያወናጨፈ ይሳደባል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አንስተው አደረጉት፤ ከዚያ እንደገና ቀስ ብለው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ያላየኋቸው መስሏቸው ነው። ደክሟት ይሆናል ብለው ነው። እኔ ላይ ሌላ ነገር ማሰብ አልመጣላቸውም።

ቁልፏን እስከ ጫፍ ገፋኋት። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ሰሌዳው ደበዘዘብኝ፤ ጣቴ ግን ያውቃታል።

ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ጮክ ብለው አይደለም፣ ያው እንደ ልማዳቸው ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ጆሮው ሥር የሚያወሩት መሰለውና ዝም አለ። ጠዋት ለራሳችን ጭማሪ የቆሙትን ሰዎች ስሰማ ከልቤ ደግፌያለሁ አሉ፤ የቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፣ ባለቤቴ ታማለች፣ አልዋሽም። ምክንያታችንን ግን ልብ ብዬ ሰማሁት አሉ። ለሕዝብ ስንል ከቤታችን እንለያለን ነው ያልነው። ትናንት ከቤቱ ውጭ ያደረ እጁን ያውጣ ብለው ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም። ነጎድጓድም ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው! ሁለቱን ረቂቆች አንድ ላይ እንሰፋቸው፣ ለእኛ በመቶ የሚጨመረው ያህል ለእነሱም በመቶ ይጨመር፣ ድምፁም አንድ ጊዜ ይሰጥ፤ ለመስጠት ዕረፍት የሚያስፈልገን ከሆነ ለመውሰድም ዕረፍት እንውጣ አሉ።

ጉድ ፈላ። ነጎድጓድ ተነስቶ ሥነ ሥርዓት ሥነ ሥርዓት እያለ ጮኸ፤ ማይኩን ሳልከፍትለት ተሰማ፣ እሱ ማይክ መቼ ያስፈልገውና። ግን ጎኑ ያሉት እጅጌውን እየጎተቱ አስቀመጡት፤ የራሳቸው ጭማሪ ከእናንተው ጋር ታስሮ ገደል ሊገባ ነዋ! ወጣቷ አባል ተነስታ እኔ እደግፋለሁ አለች። እጅ ሲወጣ ከላይ ሆኜ አየሁት፤ አንዳንዱ እጅ በፈቃደኝነት ወጣ፣ አንዳንዱ እየተሳበ ወጣ፣ ወጣ ግን። አለፈ። የእናንተው በእነሱ ጀርባ ታዝሎ አለፈ።

ሹክሹክታ መነጽራቸውን መልሰው ቀና አሉና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው ደፍቼ ነበር። ጋሽ ሽቦ ጀርባውን እንደሰጠ ዛሬ ድምፁ ዘግይቶ ገባ አለ። ማሽኑ ነው አልኩት። ማሽኑ እንኳን ደህና ነው አለና ከኪሱ ያንን ሁልጊዜ የሚልሰውን ከረሜላ አውጥቶ ፊቴ አኖረልኝ። ሌላ ነገር አላነሳም። ኋላ ላይ ብቻ፣ ሻይ ስንጠጣ፣ በትልቅ ድስትና በትንሽ ሲኒ ላይ እኩል በመቶ ቢጨመር እኩል አይሆንም እያለ ለራሱ ሲያጉረመርም ሰማሁት። እኔ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የቢሮ ሴቶች ከበውኝ፣ የደስታ ነው፣ ባሏ ወታደር ነው እኮ እየተባባሉ ፊቴን አጠቡኝ። ወደ ቤት ስመለስ የታችኛው ቤት ጎረቤታችን ዜናውን ሰምታ መንገድ ላይ አቀፈችኝ፤ ሕፃኗን ሳይቀር ከጀርባዋ አውርዳ አሳቀፈችኝ። አፌ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ከልቤም ነበር፣ በሌላው ልቤ።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከራሴ ጋር ተጣልቼ ሰነበትኩ። ባሌን በገዛ ጣቴ ለሌላ ዙር አስፈረምኩት እያልኩ። አለቃ ሳይቀር አንቺ ሴትዮ ምን ሆነሻል አለችኝ። ዓርብ ቁጭ ብዬ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩልህ። በጭማሪው አትፈርም፣ ክፍሏም ትቅር፣ ቃልህን አጥፍልኝና ና የሚል ነው። እንዲህ አድርጌ ለምኜህ አላውቅም። ተንበርክኬ ነው የጻፍኩት ብልህ ይቀላል። ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ ብዬ ትራሴ ሥር አደረግሁት።

በማግሥቱ ረጅሙ መጣ።

ግንባሩን እያሻሸ ተቀመጠ፣ አለቃ ጫማውን አስወልቃ ደጅ ላይ ደርድራለታለች። ያለውን አቀረብኩለት። የማክሰኞውን ጭማሪ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው ቆመው ሳለ በሬዲዮ እንደሰሙ፣ ሹፌሩ ሳይቀር እንደጨፈረ አጫወተኝ። ከጦር ሰፈራችሁ መቼ እንደወጡ ጠየቅሁት፤ ሰኞ ማለዳ አለኝ። ከዚያ መልእክትህን በተራ በተራ ነገረኝ። ልጅቷን ሳማት ብለሃል፣ ሳማት። ጉልበትህ ደህና ነው፣ እንዳትጨነቅ ብለሃል። መጨረሻ ላይ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ፣ ያንን ወፍራሙን ሹራብ አደራ ላኪልኝ ብሎሻል፣ ዘንድሮ ብርዱ ይከፋል እየተባለ ነው አለኝ።

ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሰኞ ከማክሰኞ ይቀድማል፣ ሹራቡን ያዘዝከው ጭማሪው ሳያልፍ ነው። እሱም ፊቴን አይቶ የጎረሰውን ማኘክ አቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፈለግ ጀመረ፤ ጫማው ደጅ እንደሆነ ረስቶ። በካልሲው ላይ ጣቱን ሲያርመሰምስ አየሁና አሳቀኝ። ምስኪን፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ አትቆጣው። ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም። አንተንም አልጠይቅህም።

የዓርቡ ደብዳቤ ምድጃ ውስጥ ገብቷል፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም። ሹራቡን ከምስማሩ ላይ አወረድኩት። እጅጌው እንዳጠረ ታውቃለህ፤ እዚያ ስትቆም አንጓህ ብርድ እንዳይመታህ ላስረዝመው ተነሳሁ። ያ ክር ግን ሱቅ ውስጥ የለም። የራሴን ሻርፕ ተረተርኩና በእሱ ቀጠልኩት፣ ያንን አንተ የምትወደውን ቀዩን። ቀለሙ አይገጥምም። ጓደኞችህ ከሳቁብህ የሚስቴ ሻርፕ ነው በላቸው። ዛሬ ጠዋት ጨርሼ አጠብኩት፤ እስኪደርቅልኝ ነው የምጽፍልህ ያልኩህ እሱን ነው። ክሩ ወፍራም ስለሆነ ውኃውን ቶሎ አይለቅም። ከዚህ በመስኮቱ ይታየኛል፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ቅድም አለቃ ከጨዋታዋ ሮጣ መጥታ አየችው። አባዬ ሊመጣ ነው እንዴ የታጠበው አለችኝ፣ በዚያ በወለቀው ጥርሷ እያፏጨች። አቧራ ጠጥቶ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ ያንን አንዱን ቅንድቧን አንስታ አየችኝና ተመልሳ ሄደች።

ተናድጄብሃለሁ። ይህን ደብቄ ብጽፍልህ ደብዳቤ አይሆንም። ተናድጄም ናፍቀኸኛል፣ ናፍቀኸኝም ተናድጄአለሁ፤ የትኛው እንደሚቀድም እኔም አላውቅ። ስትጽፍልኝ እባክህ ስለ ክፍሏ አትጻፍልኝ። ስለ ራስህ ጻፍልኝ፤ ምን እንደበላህ፣ ማን እንዳሳቀህ፣ ስትነቃ መጀመሪያ ምን እንደምታይ። ወይም ረጅሙን ጓደኛህን ዘፈን አስተምረውና እዚህ መጥቶ በአንተ ድምፅ ይዝፈንልኝ፤ ቢያበላሸውም አስተካክዬ እሰማዋለሁ።

ፈጣሪ ከፊትህም ከኋላህም ይጠብቅህ። የምትቆምበትን መሬት ያመቻችልህ፤ የዚያን ተራራ ነፋስ ከደረትህ ይመልስልህ። አብረውህ ላሉት ሁሉ፣ በተለይ ለታችኛው ቤት ጎረቤታችን ባል ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሚስቱም ደስ ብሏታል በለው።

ሹራቡን ስትመለስ ይዘኸው ና። ምስማሩን አልነቅለውም።

የአንተው ባለቤት፣ የአለቃ እናት